የታጠበ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

በዚህ ጊዜ ለመወያያ የምናቀርበው ጥያቄ ከመጽሐፍ መደርደሪያ የወረደ ሳይሆን ከፒያሳ የተገኘ ነው። በደሴ ፒያሳ ኮምፒዩተርና ሞባይል ከሚጠገንባቸው ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ላይ ጥቂት የቆመ ሰው አንድ ቃል ደጋግሞ ይሰማል፤ ይኸውም «ፎርማት አድርግልኝ» የሚል ነው። ላፕቶፑ የተንቀራፈፈበት፣ ቫይረስ የገባበት፣ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ሁሉ መፍትሔው ይኸው ነው። ያለው ሁሉ ይፋቅና አዲስ ዊንዶው ይጫናል። ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ መሣሪያው ምንም እንዳልደረሰበት፣ ማንንም እንደማያውቅ ሆኖ ይነሣል። ባለቤቱም «አሁን ንጹሕ ሆነ» ብሎ ይዞት ይሄዳል።

እንግዲህ ጥያቄያችን «ንጹሕ» በምትለው ቃል ላይ ነው። መፋቅ ማንጻት ነውን? ያለፈው ስለማይታይ ብቻ እንዳልነበረ ይቆጠራልን? ነገሩ ስለ መሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎች በተውነው ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን ስለ ራሳችን ኑሮም ሆነ ስለ ከተማችን ስናስብ በዚሁ ቃል ማሰብ ስለ ጀመርን ልንመረምረው ይገባል።

በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ እንመልከት፤ ሥራውን ሳያውቁ በሥራው ላይ መፍረድ አይገባምና። በደንብ የተሠራ ሥራ በአራት ደረጃ ይፈጸማል። 1ኛ/ በላፕቶፑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና ሌላም ሰነድ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ይገለበጣል። 2ኛ/ ከ8 ጊጋባይት በማያንስ ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ ይዘጋጃል። 3ኛ/ ላፕቶፑ ከራሱ ዲስክ ሳይሆን ከፍላሹ እንዲነሣ ተደርጎ አሮጌዎቹ የዲስክ ክፍሎች ይሰረዛሉ፤ አዲሱም በባዶው ቦታ ላይ ይጫናል። 4ኛ/ ለድምፁ፣ ለዋይፋዩና ለስክሪኑ የሚያስፈልጉት ድራይቨሮች ይገባሉ፤ የተገለበጠውም ሰነድ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከእነዚህ ውስጥ ሠርተውት ወደ ኋላ የማይመለሱበት ሦስተኛው ነው፤ ስለዚህ የሥራው ክብደት በመጀመሪያው ላይ ይወድቃል። አንደኛውን የዘለለ ሰው አራተኛው ላይ ሲደርስ የሚመልሰው ነገር አያገኝም።

በአሁኑ ጊዜ ሥራው የሚፈለግበት ሌላም ምክንያት አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ስለሚጠይቅ ለብዙ አሮጌ ላፕቶፕ አይሆንም። ስለዚህ አንዱ ላፕቶፑን ይሸጣል፤ ሌላው ያገለገለ ይገዛል፤ በሁለቱም መካከል ፎርማት የሚያደርገው ባለሙያ ቆሟል።

ከዚህ ቀጥሎ ልናውቅ የሚገባን የሚፋቀውና የማይፋቀው ምን እንደ ሆነ ነው። ብዙ ሰው ፎርማት የተደረገ ዲስክ ባዶ ወረቀት ይመስለዋል። ነገር ግን በተለመደው ፈጣን ፎርማት የሚጠፋው ማውጫው ነው እንጂ ገጾቹ አይደሉም። የአንድን መጽሐፍ ማውጫ ቀድዶ «ይህ መጽሐፍ ባዶ ነው» እንደ ማለት ይቆጠራል። በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አዲስ ነገር በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ አሮጌው በቦታው ይቆያል፤ ለዚሁ በተሠራ ፕሮግራምም ሊወጣ ይችላል። ኤስ ኤስ ዲ በተባለው በአዲሱ ዓይነት ዲስክ ላይ ግን መሣሪያው ራሱ የተሰረዘውን ቦታ እየጠረገ ስለሚሄድ የጠፋው ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ይህ ስለ ዲስኩ ነው። የላፕቶፑ መለያ ቁጥር ግን በጀርባው ላይ ከመታተሙ ሌላ በማዘር ቦርዱ ላይ ባለው ባዮስ ውስጥ ተመዝግቧል። ዊንዶው መቶ ጊዜ ቢጫን ይህ ቁጥር አይለወጥም። ዲስኩ ቢረሳ ማዘር ቦርዱ አልረሳም ማለት ነው።

ፈላስፎች ይህን የመሰለ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲያነሡ ኖረዋል። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ፣ የቴሴዎስ መርከብ አሮጌ ሳንቃዎቿ እየወጡ በአዲስ ሲተኩ ያችው መርከብ ናት ወይስ ሌላ ናት የሚለውን የፈላስፎች ክርክር መዝግቧል። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ሰው ያው ራሱ መሆኑ የሚታወቀው በሥጋው ሳይሆን ያለፈ ሥራውን የራሱ አድርጎ በማወቁ ነው ብሎ አስተምሯል። በሎክ ሚዛን ብንሄድ የተፋቀው ላፕቶፕ ሌላ ላፕቶፕ ነው፤ የሚያስታውሰው የለውምና። ነገር ግን ወዲያው አንድ እንቅፋት ይገጥመናል። አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ፎርማት አስደርጎ ከሱቅ ሲወጣ «ይህ አሁን ሌላ ዕቃ ስለሆነ ያንተ አይደለም» የሚለው ሰው የለም። ትዝታው በዲስኩ ውስጥ ነበረ፤ የባለቤቱ መብት ግን በዲስኩ ውስጥ አልነበረም፤ በዲስኩ ያልነበረው ደግሞ ከዲስኩ ጋር ሊፋቅ አይችልም። ይህች አነስተኛ ነጥብ ወደ ዋናው ጉዳይ ታደርሰናለች።

በደሴና በኮምቦልቻ ይህ ነገር የክርክር ጨዋታ አይደለም። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ውስጥ ባለፉበት ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ላፕቶፕ ለዘራፊ የሚመች ዕቃ ነው፤ በብብት ይያዛል፣ ቶሎ ይሸጣል፣ ከተፋቀም በኋላ አይናገርም። ከዚያ ወዲህ ዓመታት ቢቆጠሩም ስርቆት ለሰላም ጊዜም እንግዳ ስላልሆነ ጥያቄው አላረጀም።

እንበልና አንድ ወጣት ባለሙያ በሱቁ ተቀምጦ ሳለ የማያውቀው ሰው ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ቻርጀር የለውም። የይለፍ ቃሉን አያውቀውም። ላፕቶፑ ሲከፈት በስክሪኑ ላይ የሌላ ሰው ስም ይታያል። ሰውየውም «ውስጡ ያለው አያስፈልገኝም፤ ሙልጭ አድርገህ አጥፋውና አዲስ ጫንበት» አለ። ባለሙያው ምን ማድረግ ይገባዋል?

ሥራውን ለመሥራት የሚቀርቡ ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ ሦስቱም የሚናቁ አይደሉም። የመጀመሪያው «እኔ ጠጋኝ ነኝ እንጂ ፖሊስ አይደለሁም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ባለሙያው መርማሪ የመሆን ግዴታ የለበትም። ነገር ግን የመመርመር ግዴታ አለመኖሩ ማስረጃን ለማጥፋት ፈቃድ አይሆንም። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ስም ምናልባት የባለቤቱ የመጨረሻ ምስክር ነው። ምስክር ፈልጎ ማምጣት የፖሊስ ሥራ ይሁን፤ የቆመን ምስክር አፍ አለማፈን ግን የሁላችን ሥራ ነው።

ሁለተኛው «እኔ ባልሠራው ሌላው ይሠራዋል» የሚለው ነው። ይህ ስለ ላፕቶፑ ዕድል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ባለሙያው እጅ ግን ምንም አይናገርም። በዚህ ዓይነት ከሄድን ሌላ ሰው ሊሠራው የማይችል ክፉ ሥራ ስለማይገኝ በዓለም ላይ በምንም የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። ሁሉም ወደ ሌላው እያመለከተ ነጻ ይወጣል፤ ሥራው ግን ተሠርቶ ይገኛል።

ሦስተኛውና ጠንካራው ምክንያት «ሰውን ያለ ማስረጃ ልጠረጥር መብት የለኝም» የሚለው ነው። ይህን በጥሞና ልናየው ይገባል። በአገራችን ያገለገለ ላፕቶፕ በደረሰኝ የሚገዛ ጥቂት ነው። ዓረብ አገር ያለች እኅት ለወንድሟ ትልካለች፤ የሟች ዕቃ ለልጅ ይተርፋል፤ ተመራቂው ለታናሹ ያወርሳል። በእነዚህ ሁሉ ላፕቶፖች ላይ የሌላ ሰው ስም አለ፤ የይለፍ ቃሉም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ባለሙያው የመጣውን ሁሉ በሌባ ዓይን ካየ ከሌባው የማይተናነስ በደል ይፈጽማል። ሌባ ዕቃ ይወስዳል፤ ሐሰተኛ ጥርጣሬ ደግሞ የሰውን ስም ይወስዳል። ይልቁንም ልብሱ ያረጀ ሰው ሲመጣ ብቻ የሚነሣ ጥርጣሬ ጥንቃቄ ሳይሆን ንቀት ነው።

ታዲያ መውጫው ምንድን ነው? መውጫው በመጠርጠርና በዝምታ መካከል አንድ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ማወቅ ነው፤ እርሱም መጠየቅ ነው። ለሁሉም እኩል የሚቀርብ ጥያቄ ማንንም አያዋርድም። ባለሙያው ለሚያውቀውም ለማያውቀውም፣ ለባለ ሱፉም ለባለ ነጠላ ጫማውም አንድ ደንብ ይኑረው፦ ዕቃውን ከማን አገኘኸው? ስሙ የሚታየው ሰው በስልክ ይገኛልን? መለያ ቁጥሩን ከስምህና ከስልክህ ጋር በደብተሬ ላይ ብጽፈው ትፈቅዳለህን? እኅቱ የላከችለት ልጅ አንድ ጊዜ ደውሎ ነገሩን ይጨርሳል። የሰረቀው ግን «ደብተር» የሚለውን ቃል ሲሰማ ዕቃውን አንሥቶ የሚሄድ ይሆናል። ባለሙያው በዚህ የዕለት ገቢው ሊቀንስበት ይችላል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ለቤት ኪራይና ለእናቱ ቀለብ የሚያስበው እርሱ ነውና ከሩቅ ሆኖ እርሱን መገሠጽ ቀላል ነው። ስለዚህም ደንቡ የአንድ ሱቅ ሳይሆን የሠፈሩ ሱቆች ሁሉ ቢሆን ይሻላል፤ ያን ጊዜ ሐቀኛው ብቻውን አይጎዳም፣ «ሌላው ይሠራዋል» የሚለውም ምክንያት ከሥሩ ይደርቃል።

አባቶቻችን ይህን ጉዳይ በብራና ዘመን አስበውበታል። በብዙ የግእዝ ብራና መጻሕፍት ላይ መጽሐፉ የማን እንደ ሆነ ከተጻፈ በኋላ፣ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃል ይከተላል። ልብ እንበል፤ ሰራቂውና ፋቂው በአንድ ውግዘት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ብራና ሲፋቅ ቀለሙ ይለቃል፤ የባለቤቱ ስም በነበረበት ላይም የሌላ ሰው ስም ሊጻፍበት ይችላል። እንዲህ ስም የተለወጠባቸው መጻሕፍት ዛሬም ይታያሉ። እንግዲህ ስርቆት በመውሰድ ብቻ አይፈጸምም። የሰረቀ ዕቃውን ይወስዳል፤ የፋቀ ግን ዕቃው የሚመለስበትን መንገድ ይወስዳል።

ለዚህ ማስረጃው ከደጃችን አይርቅም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በዛሬው ደቡብ ወሎ በመቅደላ አምባ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍትንና ንዋያተ ቅድሳትን ከአምባው ዘርፎ ወሰደ። ከመጻሕፍቱ በመቶዎች የሚቆጠሩት ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ደብዳቤ ጽፈው በመጠየቃቸው አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ ተመልሶ መጥቷል። ሌሎቹ ገና ቢቀሩም የማን እንደ ነበሩ ሊነገር የሚችለው በብዙዎቹ ላይ የተጻፈው ስላልተፋቀ ነው። መጻሕፍቱ ተወስደው በመጀመሪያው ቀን ስማቸው ተፍቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ «መልሱልን» የምንልበት ቃል እንኳ ባጣን ነበር።

እስካሁን ስለ ተሰረቀው ተናገርን። ሐቀኛ ባለቤት የራሱን ላፕቶፕ ሲያመጣስ? በዚህም ባለሙያው ዕዳ አለበት። ዛሬ ላፕቶፕ የቤት ሣጥን ሆኗል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የሕክምና ውጤት፣ የሟች እናት ድምፅ በውስጡ ይኖራል። ሊገለብጥ የተሰጠው ሰው ሊያይ አልተሰጠውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሕጉ ባይኖር እንኳ የሰው ገመና የሰው መሆኑን ኅሊና ሳይነገረው ያውቃል።

ሌላም ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ብዙ አሮጌ የአማርኛ ሰነድ በፓወር ግእዝ ወይም በቪዥዋል ግእዝ ፎንት የተጻፈ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አሮጌዎቹ ፎንቶች ግን በላቲን ፊደላት ቍጥር ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ በማልበስ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ላፕቶፑ ተፍቆ ፎንቱ ሳይመለስ ሲቀር፣ ሰነዱ አንድም ፊደል ሳይጎድልበት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የዕድር መዝገብ ወይም የአንድ ማኅበር የሃያ ዓመት ቃለ ጉባኤ በዚህ ዓይነት ተቀምጦ ቢሆን፣ «ሁሉንም ገልብጫለሁ» ያለው ባለሙያ እውነቱን ተናግሯል፤ አንባቢው ግን የሚያነበው የለውም። ጽሑፍን ማዳን ማለት ማንበቢያውንም ማዳን ነው። ፎንቱን አብሮ መገልበጥ፣ ይልቁንም ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል።

በአዲስነት ስለሚጫነውም አንድ ቃል እንጨምር። ብዙ ጊዜ «ንጹሕ» ተብሎ የሚጫነው ዊንዶው ራሱ ያለ ፈቃድ የተከፈተ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ቆጥሮታል። ተማሪ የፈቃዱን ዋጋ ለመክፈል እንደሚቸገር እናውቃለን፤ ችግሩን ግን ጽድቅ አናደርገውም። እንዲያውም ፈቃዱን ለመስበር የሚጫነው ፕሮግራም ራሱ ቫይረስ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ለማጽዳት የተጀመረው ሥራ በማቆሸሽ ይፈጸማል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ቀረበው እንደ ኡቡንቱ ያለ፣ በነጻ የሚሰጥና መገልበጡም የተፈቀደ ሥርዓት መኖሩን ለማያውቁ ማሳወቅ ይገባል።

አሁን ከመሣሪያው ወደ ሰው እንመለስ። ከእኛ ወጣቶች መካከል «አዲስ ሕይወት ልጀምር» ሲባል ሲም ካርድ መለወጥ፣ ከተማ መለወጥ፣ የሚያውቁንን ሰዎች መራቅ የሚመስለን አንጠፋም። አንዱ ተበድሮ ሳይከፍል ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሌላው በጓደኛው ላይ ክፉ ወሬ አውርቶ «ያለፈው አልፏል» ይላል። ይህ ራስን ፎርማት ማድረግ ነው። እንዳየነው ግን በፎርማት የሚጠፋው ማውጫው ነው፤ ዕዳው በአበዳሪው ቤት፣ ወሬውም በተወራበት ሰው ልብ ውስጥ ይቀራል። በወንጌል የምናውቀው ዘኬዎስ አዲስ ሕይወት ሲጀምር ስሙን ለውጦ ከኢያሪኮ አልጠፋም፤ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ በሰዎች ፊት ተናገረ እንጂ። መመለስ የሚችለው ደግሞ ማንን እንደ በደለ የሚያስታውስ ብቻ ነው። የፋቀ ሰው ለማን ይመልሳል?

«እንግዲያው በደልን ሁልጊዜ እያነሡ መኖር ይገባልን?» የሚል ይኖራል። ከተማችን ብዙ ያየች ናትና ጥያቄው ተገቢ ነው። ያለፈውን ሲቆጥር የሚውል ሰው እንደ ሞላ ዲስክ ነው፤ አዲስ ነገር አይቀበልም። ነገር ግን ይቅር ማለትና መፋቅ አንድ አይደሉም። ይቅር የሚል ሰው በደሉን ያውቀዋል፤ አውቆም ይተወዋል። ይህም ስጦታ ነው፤ ሊሰጠው የሚችለውም የተበደለው ብቻ ነው። መፋቅ ግን የተበዳዩን ፈቃድ አይጠይቅም፤ በእጁ ያለውን የስጦታውን ዕድል ይነጥቀዋል። ቤቱ የተዘረፈበት ሰው «ተውኩት» ቢል ክብሩ የእርሱ ነው። እኛ ስለ እርሱ ሆነን «ተረስቷል» ብንል ግን ሁለተኛ ጊዜ ዘረፍነው።

ስለዚህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። መፋቅ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የራስን ዕቃ፣ የሚጠበቀውን ገልብጦ፣ በሐቅ መፋቅ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን መፋቅ ንጹሑን እንደ ንጹሕ ያቆየዋል እንጂ ያልነጻውን አያነጻውም። የተሰረቀ ላፕቶፕ አዲስ ዊንዶው ቢጫንበት ፈጣን የተሰረቀ ላፕቶፕ ይሆናል፤ ሌላ የሚሆነው ነገር የለም። የሚያነጻው ለባለቤቱ መመለሱ ነው።

ለሚቀጥለው ውይይታችን አንድ ከባድ ጥያቄ እንተው። ባለሙያው በስክሪኑ ላይ ያየውን ስም ፈልጎ ቢያጣውና ሰውየው በጦርነቱ መሞቱን ቢሰማ፣ ላፕቶፑን በሐቅ ከገበያ የገዛችው ድሀ ተማሪ ደግሞ ለፈተናዋ ብትፈልገው፣ በውስጡ ያለው ፎቶግራፍና ጽሑፍ ለማን ይገባል? ዕቃውስ? አስባችሁበት ኑ።